አምስተኛው እጥፋት

በስምንት ዓመቴ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ነው። ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለኝ አስተማሪ ነኝ፤ አስራ ሰባት ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንደሱ ነገር የማይገባው ተማሪ ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም። አንዲት የወረቀት ኮከብ ማጠፍ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ያውም መጽሐፉ «በአምስት ደቂቃ» እያለ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር፤ የፊተኛው መሥሪያዋ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ እጅጌያቸው ያልተገጠመ ኮቶች፣ ወለሉ ላይ ተጠርጎ የማያልቅ ክር። አባቴ እኔ ዳዴ ሳልል ስለሞተ ቤቱ የእኔና የእናቴ ብቻ ነበር። ሁለታችን እንኳረፋለን፣ ሁለታችን እንታረቃለን፤ አስታራቂ አንፈልግም። ሰውዬው መጀመሪያ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነው። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጥቶ አጠረ አለ፤ እናቴ አረዘመችለት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ረዘመ ብሎ መጣ። እኔ እግሩ እያደገ መልሶ የሚያጥር በሽታ ያለበት መስሎኝ ከልቤ አዝኜለት ነበር።

በዚያ በሦስተኛው መምጣቱ ነው ሱሪውን በአንድ እጁ፣ በሌላው ደግሞ በገመድ የታሰረ ወረቀት ይዞ የገባው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሲፈታው ቤቱ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። ከላዩ ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር፤ ሽፋኑ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ ለገበያ የማይሆን። መጽሐፉን ገልብጬ አነበብኩት፦ «ፈጣንና ቀላል የገና ጌጦች ለልጆች። እያንዳንዱ በአምስት ደቂቃ።»

«ገና ሦስት ሳምንት ቀረው» አለኝ ሰውዬው። «እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንልኝም። ታሳዪኛለሽ?»

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኩት። ያኔ ገና እርስዎ ነበር የምለው።

«ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ወረቀት አጣጥፋለሁ።»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር ምንም አላለችም፤ ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ወረቀት እያጣጠፈ የሚበላ ሰው ወረቀት ማጠፍ አይሆንልኝም ሲል ሰምቼ እንዴት ነው ዝም የሚባለው? ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት።

በመጀመሪያው ቀን የወረቀት ሰንሰለት ሠራን። ቀለበት በቀለበት ማያያዝ ነው፤ እሱንስ ጥሩ አድርጎ ያዘው። በሁለተኛው ቀን ከባዶ የክር ማጠንጠኛ መልአክ ሠራን፤ ጥጥ ፀጉር ሆነለት፣ ሁለት ቁልፎች ዓይን። የእኔ መልአክ የተቆጣ ይመስል ነበር፤ የእሱ የሚስቅ። ኮከቡ ላይ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ። ኮከቡ ስምንት እጥፋት አለው። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እንደ ሰው ያጥፋል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ መግባት ያለበትን ወደ ውጪ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ነገር ኮከብ አይደለም፤ የተረገጠ ጀልባ ነው።

«ወደ ውስጥ» እለዋለሁ።

«ወደ ውስጥ» ይላል፤ ወደ ውጪ ያጥፋል።

«ኧረ ወደ ውስጥ።»

«እሺ፣ እሺ፣ አሁን ገባኝ» ይልና መልሶ ያንኑ ያደርጋል። ከዚያ ሰዓቱን ያያል፣ ይነሳል፣ ኮቱን ይለብሳል፤ በሩ ላይ ሆኖ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ዛሬ አልሆነም። ነገ ደግሞ እንሞክራለን።»

በነጋታው ከሥራ ሲወጣ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሩ ይንኳኳል። «ጋሼ አምስት ደቂቃ» የሚል ስም አወጣሁለት። ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ማለቱንም ተውኩት፤ ተማሪዋን እርስዎ የምትል አስተማሪ አላየሁም።

የሚገርመው እናቴም ተወችው። መጀመሪያ «ሻይ ይጠጣሉ?» ነበር የምትለው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ» አለችው። እኔ እንደገባኝ በድድብናው ተሰላችታ ክብሩን ነሳችው። አንጀቴን በላው። እሱ ግን ምንም ቅር አላለውም፤ የቀዘቀዘውን ሻይ እንደ ማር እያጣጣመ ጠጣ። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ የተበላሹትን ኮከቦች አንድ በአንድ ታነሳና በአውራ ጣቷ ጥፍር እጥፋቱን ትከተላለች፤ ፈገግ ትላለች፤ የቁልፍ መሳቢያዋ ውስጥ ትከታቸዋለች።

«በሰው አይሳቅም» አልኳት አንድ ቀን።

«አልሳቅሁም እኮ።»

«አይቼሻለሁ። እየሞከረ ነው።»

«እሱስ በደንብ እየሞከረ ነው» አለችና መኪናዋን ማሽከርከር ጀመረች።

ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ያንን ንግግር የሰማሁት። እኔ ከጓዳ የልብስ መቀስ ላመጣ ገብቼ መቀሱ ጠፍቶብኝ ነበር። እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ደግሞ የእኔ ጆሮ ይቆማል።

«ደብዳቤው ደርሶኛል» አለ እሱ። «ወደ ሌላው ከተማ ቅርንጫፍ ነው። እስከ ገና መልስ ስጥ ተብያለሁ።»

«ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። እኔም አላስቸኩልም። ካልሆነ ግን እዚህ እየኖርኩ በዚህ በር ማለፉን አልችለውም። እሄዳለሁ።»

ከዚያ መኪናው ተነሳና የቀረውን ዋጠው። መቀሱን አግኝቼ እንደያዝኩ ጓዳው ውስጥ ቆምኩ። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ፦ ማተሚያ ቤቱ ሰውዬው ወረቀት ማጠፍ እንደማይችል ደርሶበታል። እስከ ገና ጊዜ ሰጥተውታል። ካልተማረ ወደ ሩቅ አገር ይጥሉታል። እሱም አፍሮ ነው በበራችን ማለፍ አልችልም የሚለው። ምስኪን፤ ለካ እኔ ዘንድ የሚመላለሰው የጨነቀው ሰው ሆኖ ነው።

ዛሬ ይህን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም። በነጋታው በጥብቅ ያዝኩት። የጥያቄና መልስ ሰዓት አበጀሁ። አምስተኛውን እጥፋት በጠመኔ ወለሉ ላይ ስዬ አሳየሁት። ጣቶቹን ይዤ በእጄ አጣጠፍኩለት፤ እጁ ሙቅና ደረቅ ነበር፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ እንደ እንጨት የጠነከረ። ስለቀው መልሶ ወደ ውጪ።

«ሰውዬ፣ አንተ መሄድ ትፈልጋለህ እንዴ?» አልኩት በመጨረሻ፣ እንባዬ እየመጣ።

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። «አልፈልግም» አለ። «አንቺስ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ታዲያ ለምን አታጠናም?» ብዬ ጮህኩበት። ተማሪ ሲጠይቅ በጥያቄ መመለስ አሁንም የማልተወው ክፉ ልማዴ ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ወረቀት አነሳ።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆረጥኩ። በእሱ እጅ አይሆንም። ስለዚህ ሌሎች አስተማሪዎች ቢያዩኝ የሚያፍሩብኝን ነገር አደረግሁ፦ የተማሪዬን ፈተና ራሴ ሠራሁለት። ከጠዋት ጀምሬ ሃያ አራት ኮከቦች አጠፍኩ። እናቴ ለደንበኛ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሰለፍኳቸውና እግሬን ነቅዬ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥኩ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ነው፤ በየቀኑ የማልፍበት ረጅም ግድግዳ፣ ከውስጥ ሌት ተቀን የሚንጓጓ።

«ቆርቆሮው ለማን ነው?» አሉኝ ዘበኛው።

«ለአለቃው። ወረቀት ለሚያጣጥፈው ሰውዬ አለቃ።»

ቆርቆሮውን ከፍተው አዩና አንዴ ኮከቦቹን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱ። «የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነሽ?» አሉ። ከየት እንዳወቁ አልጠየቅሁም። እጄን ይዘው አስገቡኝ።

አለቃው ሴት ነበሩ። ወፈር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጠረጴዛቸው በሙጫ ብዛት የተዥጎረጎረ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«እነዚህን እሱ ነው የሠራው» አልኩ። ውሸቴን ስናገር ጆሮዬ ጋለ። «አምስተኛው እጥፋት ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። ያሻሽላል። ወደ ሌላ ከተማ አይላኩት። እኔ አስተምረዋለሁ፤ በየቀኑ አስተምረዋለሁ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ኮከብ አንስተው አገላበጡ። «አንቺ እንዲሄድ አትፈልጊም ማለት ነው?»

«አልፈልግም።»

«አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። እሱ ካልመጣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ምን ላደርግ ነው?»

ሴትዮዋ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ከዚያ ተነስተው ትከሻዬን ይዘው ወደ ትልቁ አዳራሽ አስገቡኝ፤ «ነይማ፣ ተማሪሽን ላሳይሽ» አሉ።

ረጅም ጠረጴዛ፣ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሴቶችና ወንዶች፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ የወረቀት ክምር፣ ጫፉ ላይ የሚንጓጓ ማሽን። በጠረጴዛው ጫፍ፣ ተማሪዬ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። የመኝታ አንሶላ የሚያክል የታተመ ወረቀት ወደ ራሱ ይስባል። አንድ ጊዜ ያጥፋል። ከአጥንት የተሠራች ጠፍጣፋ ነገር እጥፋቱ ላይ ሽው ትላለች። ያዞራል፣ ያጥፋል፣ ሽው። ያዞራል፣ ያጥፋል፣ ሽው። አንሶላው አስራ ስድስት ገጽ ሆኖ ክምሩ ላይ አረፈ፤ ሌላው ተሳበ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ወረቀቱ አላየም፤ ከጎኑ ካለው ሰውዬ ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው።

«በዚህ ቤት የእሱን ያህል ፈጣን ጠራዥ የለም» አሉ ሴትዮዋ ጆሮዬ ላይ።

ዓይኔን አላመንኩም፤ ከዚያ አመንኩ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። «ውሸታም!» አልኩ፤ ድምፄ ከማሽኑ በላይ ወጣ።

ዞረ። እኔን ሲያይ አጥንቷ ከእጁ ወደቀች። ከጎኑ ያለው ሰውዬ ማሽኑን አጠፋ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ እኛን ማየት ጀመረ። ስለ እሱና ስለ እናቴ ከእኔ በስተቀር የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት እንዳልነበረ የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አልኩት። «ሞኝህን ፈልግ። ጠመኔዬን እንኳ ጨርሼብሃለሁ።»

«ልክ ነሽ» አለ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «ዋሽቼሻለሁ።»

«ለምን?»

«ቶሎ ከቻልኩት በነጋታው ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ አየሽው» አሉኝ፤ አሁን አልሳቁም። «ታዲያ ይሂድ ወይስ አይሂድ?»

እሱ አልለመነኝም፤ እጆቹን ሽርጡ ላይ ያሻሻል። ተናድጄ ነበር፤ ግን ደግሞ የመጨረሻ ንግግሩ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ሞቀኝ። ሰው ሊጠይቀኝ ብሎ ደደብ መስሎ የታየበት ቀን በሕይወቴ አልነበረም።

«አይሂድ» አልኩ። «ግን ይቀጣ።»

«ምን ይቀጣ?»

«አንድ ኮከብ። ትክክለኛውን። አሁን፣ እኔ እያየሁት።»

የሳቀው ሰው ብዛት። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ወደ ሽርጡ ኪስ ሰደደና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ማኅተም አለበት። ሴትዮዋን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። የወረቀቱን ትርፍ በቢላዋ ቆርጦ እኩል በእኩል አደረገውና ማጠፍ ጀመረ።

«እሱ ጽሕፈት አለበት፣ አያምርም» አልኩት።

«ከዚህ የሚያምር የለም» አለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ቆመና እኔን አየ። ወደ ውስጥ አስገባው። አምስት ደቂቃ አይደለም፣ አንድ ደቂቃም አልሞላው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ይችላል እኮ» ብዬ ገባሁ። «ሲያታልለን ነበር።»

«እኔንስ አላታለለኝም» አለች፤ ከዚያ ኮከቡን ከእጄ ወሰደች። ማኅተሙ በአንደኛው ጫፍ ግማሽ ፊቱ ይታያል። እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ።

«ደብዳቤው ነው?» አለችው።

«እሱ ነው።»

«መልስ ሳትሰጣቸው?»

«መልሱን ልጅሽ ሰጠች።»

እናቴ አለቀሰች። እንባዋ እየወረደ ደግሞ በሳቅ ፈረሰች። እኔ የኮከቡ ማማር ነው ያስለቀሳት ብዬ ኮራሁ፤ መሰላል አስይዤው ከሰንሰለቱ መሐል፣ ከሁሉ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። በገና ዕለት አብሮን በላ። በሚቀጥለው ገና ሱሪዎቹ በሙሉ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ ልካቸው ትክክል ነበር። አባዬ ማለት የጀመርኩበትን ቀን አላስታውሰውም።

ያ ኮከብ ሠላሳ አንድ ገና ተሰቅሎ ወርዷል። ዘንድሮ ከሳጥኑ ሳወጣው ክሩ ተበጠሰና ወለሉ ላይ ወድቆ ተከፈተ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የሌላው ከተማ ስም አለበት፤ የማዕረግ ዕድገት አለበት፤ «እስከ ገና ዋዜማ ፈቃደኝነትዎን እንዲያሳውቁን» ይላል። እንደያዝኩት ወደ እናቴ ሄድኩ። ዓይኗ ቢደክምም ቁልፍ መትከል አልተወችም።

«ቅጣት አልነበረም እንዴ?» አልኳት።

«ዕድገት ነበር እንጂ። አንቺ ነሽ ያስቀረሽው።» ቁልፏን አስቀመጠች። «ብጠይቅሽ እኔን ለማስደሰት እሺ ትይ ነበር። እሱም አትጠየቅ አለ። ራሷ ትፈልገኝ እንደሆነ ልየው አለኝ።»

«አንቺ ደግሞ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«በሁለተኛው ኮከብ ነው ያወቅሁት። ማጠፍ የማይችል ሰው እጥፋቱ እንደዚያ ምላጭ አይሆንም። እኔ ስፌተኛ ነኝ፣ ማን ያታልለኛል?»

አባዬ መስኮቱ ሥር ነበር። እስከ ዐምና ድረስ የሰፈሩን ተማሪዎች ደብተርና መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ተወው። ከዚያ ወዲህ ቃል አይወጣውም። እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና» ይላል፤ ምን ልስጥህ ሲሉት «ምንም»። ልቤን የሚበላኝ ይኼ ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት።

«ተከፈተብኝ» አልኩት። «መመለሱ ጠፋኝ። ታሳየኛለህ?»

በጣቶቹ ዳሰሰው። ምን እንደሆነ ሲያውቀው ፊቱ ተፈታ። በመጀመሪያ በሌላ ወረቀት ተለማመጂ አለኝ፤ ይህኛው አርጅቷል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አልኩ። አምስተኛውን ወደ ውጪ አወጣሁት።

«አይ፣ አይደለም» አለ። «ወደ ውስጥ።»

«ወደ ውስጥ» አልኩና ወደ ውጪ አጠፍኩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ወደ ውስጥ ነው የምልሽ። አስተማሪ ነኝ እያልሽ?» ድምፁ ወፈር ብሎ እስከ ጓዳ ተሰማ። እናቴ ብቅ ብላ አየችን። አራት ወረቀት አበላሸሁ። በአራተኛው ላይ ከእጄ ወሰደውና በአውራ ጣቱ ጥፍር እጥፋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው። መሐል ላይ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ፊቴ አቅጣጫ አየ።

«እጥፋትሽ በጣም ቀጥ ያለ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ጆሮዬ እንደዚያን ቀን ጋለ።

የተበላሸውን ኮከብ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። «ዛሬ አልሆነም» አለኝ። «ነገ ደግሞ እንሞክራለን።»